ባሕር ያላየ ልጅ በምንጭ ዳር

በስሜን ተራሮች አቅራቢያ በደባርቅና በዳባት ደጋ ተወልዶ፣ ዓለም ምን እንደሆነች ገና ሳያውቅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ገበያና ወደ ደጀ ሰላም ይመላለስ የነበረ ሕፃን፣ የታዘለበት አንቀልባ የቀድሞው ዓይነት፣ በቆዳ የተሠራና ያጌጠ እንደሆነ፣ በጠርዙ ላይ ተሰፍቶ በጣቱ የሚዳስሰው፣ ጥርስ ባላወጣ ድዱም የሚያኝከው አንድ ነጭና ልሙጥ፣ ሆዱ ስንጥቅ የሆነ ነገር ያገኝ ነበር፤ ስሙም ዛጎል ነው። ዛጎል የደጋ ጠጠር ወይም የቆላ ፍሬ አይደለም፤ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ጥልቀት በሌለው ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ስለዚህ ያ ሕፃን ቆሞ ከመሄዱ አስቀድሞ ባሕርን በእጁ ዳስሷል፣ በአፉም ቀምሷል፤ የጎደለው ነገር ቢኖር፣ አድጎ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ «ያን ጊዜ የዳሰስኸው ይህ ነበር» ብሎ የሚነግረው መምህር ነው።

ጠረፍ ባላቸው አገሮች ሕፃናትን ከክፍል አውጥቶ በባሕር ዳርቻ ማስተማር ከተለመደ ቆይቷል። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በአብዛኛው ሥፍራ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ውሃው በሸሸበት ሰዓት ተማሪዎቹ በቡድን ተከፍለው በዓለቱ ላይ ይሰማራሉ፤ እያንዳንዱም ቡድን ከእንጨት ወይም ከሽቦ የተሠራ አራት ማዕዘን በዓለቱ ላይ ያኖርና፣ በዚያ ውስጥ የተገኘውን ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣንና የባሕር ሣር አንድ በአንድ እየቈጠረ ይጽፋል፤ የገለበጠውንም ድንጋይ፣ ከሥሩ የሚኖረው ፍጥረት ቤት እንዳያጣ፣ እንደነበረ አድርጎ ይመልሰዋል። ለዚህ ትምህርት ከፊተኞቹ መምህራን አንዱ በስዊስ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ሉዊ አጋሲ ሲሆን፣ እርሱም በሐምሌ ወር 1873 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ጠረፍ ፔኒኪስ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ሃምሳ ያህል ወንዶችና ሴቶች መምህራንን ሰብስቦ፣ መጽሐፉን አቆይተው ፍጥረቱን ራሱን እንዲመረምሩ አስለመዳቸው። ለደቀ መዝሙሩ አንድ ዓሣ በሳሕን ሰጥቶ «ተመልከት» ብሎት ይሄድና፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ምን እንዳየ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ያላረካው እንደሆነም እንደገና እንዲመለከት ያዝዘዋል። (ይኸው ሊቅ ስለ ሰው ዘር ያስተማረው እጅግ የተሳሳተ ነበር፤ የሰው ልጆች ከአንድ ግንድ የወጡ አይደሉም ይል ነበርና፣ ዓሣን አጥርቶ የሚያይ ዓይን ሰውን ሊስት እንደሚችል በእርሱ ታይቷል።) አጋሲ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሞተ፤ የደሴቲቱም ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየ፤ ልማዱ ግን ሳይጠፋ እስከ ዛሬ ደረሰ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጠረፍ የሌለን ሕዝብ ነን፤ ከዚያም በፊት ቢሆን ምጽዋን ወይም አሰብን በዓይኑ ያየ የደጋ ልጅ ከብዙ አንድ ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የባሕረኞች ማሠልጠኛ ተቋም መኖሩ፣ ከዚያም የወጡ ወጣቶች በባዕዳን መርከቦች ላይ በመሐንዲስነት ማገልገላቸው የሚያኮራ ቢሆንም፣ ይህ ዕድል የጐልማሳ እንጂ የሕፃን አይደለም። እኔ ፊደል በቈጠርሁበት ዘመን አንድ መምህራችን፣ ሰማያዊ ጠመኔ ስላልነበረው ባሕርን በነጭ ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ውቅያኖስ ማለት ታላቅ የጨው ውሃ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስደገመንና ሰሌዳውን ጠረገው፤ ከኋላ የተቀመጠ ልጅም «ጋሼ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ ይበልጣል?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሣቀበት። ዛሬ ሳስበው፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ በእርግጥ ያሰበ እርሱ ብቻ ነበር።

በልሳናችን ባሕር የሚለው ቃል ሰፊ ነውና። ጣናም ባሕር ነው፤ ለጥር 11 ታቦታት የሚወርዱበት የተከተረ ውሃም ባሕር ነው፤ የጥንት ሊቃውንት ጥልቁን ውሃ ለይተው ለመጥራት ሲፈልጉ ቀላይ ይሉታል፤ ከጽርእ ቋንቋ የመጣውም ውቅያኖስ የሚለው ስም ከመጽሐፍ ወርዶ በገበሬ አፍ የገባ አይደለም። የደባርቅ ልጅ ግን ባሕር የሚለውን ቃል በየዕለቱ ይጠራዋል፤ ቤቱ የተሠራበት፣ እናቱ የምታነድደው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ ይህም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው፤ በቆላ ያሉ ዘመዶቹ የሚዘሩትም በቆሎ በብዙ ሥፍራ የባሕር ማሽላ ይባላል። ባሕርን ያላየው ሕዝብ፣ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ በባሕር ስም ጠርቶታል። እንግዲህ ጥበበኛ መምህር ትምህርቱን ከካርታ ሳይሆን፣ ልጁ አስቀድሞ ከሚያውቀው ከዚህ ስም ይጀምረዋል።

ቀጥሎ ወደ ተራራው ይመለሳል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው ሲባል፣ ደባርቅም ወደ 2,850 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች ሲባል፣ ቍጥሩ የተጀመረው ከየት ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ መልሱ ግን ከባሕር ወለል የሚል ነው፤ የተራራው እግር በልኬት መጽሐፍ ሁሉ ባሕር ነው። ይህንም በእጅ ማስረዳት ይቻላል፤ አንድ ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሲያስገቡ በምጽዋ ጠረፍ ወደ 100 ዲግሪ የሚያሳየው፣ በደባርቅ ከ90 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይቆማል፤ ምክንያቱም በላይ ያለው አየር ሳስቶ ውሃውን የሚጫነው ኃይል ስላነሰ ነው። ባቄላ በደጋ ለመብሰል ለምን እንደሚያስቸግር፣ እናት ድስቱን ሁለት ሰዓት ስትጠብቅ የኖረችበትን ምክንያት ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞላት ይመጣል።

ከዚህም በኋላ የጨው ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጠረጉት መንገድ ዛሬ እየተጠማዘዘ በሊማሊሞ ገደል ወደ ዛሪማ በሚወርድበት አቅጣጫ፣ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የጎንደር ነጋድያን ወደ ምጽዋ ይወርዱና ይወጡ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በ1769 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ተነሥቶ ይህንኑ አቀበት ወጥቶ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። በዚያ መንገድ ዛጎሉም፣ ዕንቁውም፣ ሐሩም መጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ለድኻውም ለባለጠጋውም የደረሰው አሞሌ ነው። አሞሌ በአፋር ረባዳ ምድር፣ ከባሕር ወለል እስከ 120 ሜትር ግድም ዝቅ ባለው በዳሎል አካባቢ ከሚገኘው የጨው ሜዳ እየተጠረበ፣ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋ የወጣ፣ እንደ ገንዘብም ያገለገለ ጨው ነው። ያ ሜዳ ደግሞ ራሱ ባሕር ነበር፤ የቀይ ባሕር ውሃ በጥንት ዘመን ደጋግሞ ወደ ረባዳው ገብቶ፣ መመለሻውም ተዘግቶበት፣ በፀሐይ ተንኖ ጨዉን ትቶ ሄደ። የስሜን አባቶች አሞሌውን ሲልሱ የላሱት የደረቀ ባሕር ነበር።

ነገር ግን በዚያ ጨው ውስጥ የጎደለ አንድ ነገር ነበር፤ ጉድለቱም በአያቶቻችን አንገት ላይ ተጽፎ ታይቷል። በደጋ ምድር እንቅርት የበዛበትን ምክንያት አሮጌዎቹ በውሃው ያመካኙት ነበር፤ እጅግም አልተሳሳቱም። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር፣ በጉሮሮ ፊት ያለው ዕጢ ሥራውን ይሠራ ዘንድ በየዕለቱ በጥቂቱ የሚያስፈልገው ሲሆን፣ የተራራን አፈር ግን ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዘመናት እያጠቡ፣ በውስጡ የነበረውን አዮዲን በወንዝ ወደ ባሕር ስላወረዱት፣ ከዚያ አፈር የሚበቅለው ገብስና ድንች፣ በዚያ ሣር የሚሰማራው በግ ሁሉ አዮዲን የነጠፈበት ይሆናል። ዕጢው የሚፈልገውን ያጣ ጊዜ እየሰፋ ይሄዳል፤ ይህ እንቅርት ነው። ከእንቅርቱም የከፋው የማይታየው ነው፤ እናት በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን ካጣች የሕፃኑ አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በባሕር ጠረፍ ያለ ሰው ከዓሣውና ከባሕሩ ሣር ሲያገኘው የኖረውን፣ የስሜን ሰው ከባሕር ስለ ራቀ ብቻ አጥቶታል፤ የተወሰደው ግን ከራሱ ማሳ ነበር።

አሁን በጨው ላይ አዮዲን እየተጨመረ ይሸጣል። ሥራው ግን እንደ አሳብ ቀጥ ብሎ የሄደ አይደለም፤ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይመጣበት የነበረው የአሰብ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ነገሩ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በቂ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ20 ያህሉ ብቻ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው አምራቾችን የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ፣ አብዛኛው ጨው በአፋር ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ አዮዲን እየተጨመረበት መምጣት ሲጀምር፣ የ2016ቱ ጥናት ጥቂትም ቢሆን አዮዲን ያለበት ጨው ከመቶ ቤት ከ80 በላይ ለሚሆነው መድረሱን አሳየ። ለትምህርት ቤት እንደዚህ ያለ ሥራ የት ይገኛል? ልጆቹ ከየቤታቸው በወረቀት ጠቅልለው አንድ አንድ ቁንጥር ጨው ያምጡ፤ የጤና ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የምርመራ ጠብታ ከጤና ጣቢያ ይለመን፤ ጠብታው በጨው ላይ ሲያርፍ አዮዲን ካለበት ወደ ሐምራዊ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ከሌለበት ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የባሕር ሰማያዊ ቀለም ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ የእኔ መምህር ጠመኔ ያጣበት። ጨዉን ክፍት አድርጎ እርጥብ ቦታ ማኖር፣ ወይም ቆሻሻውን አጠራለሁ ብሎ ማጠብ አዮዲኑን እንደሚያጠፋ ያየ ልጅ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ዝም አይልም።

ስለ ዝናቡ በአጭሩ ልለፍ። በክረምት በስሜን ራስ ላይ የሚከበው ደመና እርጥበቱን ያመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከምዕራብም ከአትላንቲክ በኮንጎ ደን በኩል፣ ከፊሉንም ከቀይ ባሕር ወገን ነው። ደግሞም ከዚህ እጅግ የሚርቀው የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ፣ በፔሩ ፊት ለፊት ከልማዱ በላይ በሞቀ ዓመት፣ የእኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይደክማል፤ ኤልኒኞ የሚሉት ይህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ክረምቱ በብዙ የአገራችን ክፍል በከሸፈ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ በቆርቆሮና በማስመሪያ የዝናብ መለኪያ ሠርቶ በየጠዋቱ የሚጽፍ ተማሪ፣ ሳያውቀው የውቅያኖስን ሙቀት እየጻፈ ነው።

ወደ ምንጩ እንሂድ። ከደባርቅም ሆነ ከዳባት ጥቂት ወጣ ቢሉ ውሃ አይታጣም፤ የስሜን ውሃ፣ በጂንባር ፏፏቴ በግጭ ገደል የሚወረወረውም፣ በመሸሃ የሚሰበሰበውም፣ በዛሪማ የሚወርደውም፣ መጨረሻው በተከዜ በኩል አትባራ፣ ከአትባራ ዓባይ፣ ከዓባይ የሜዲትራንያን ባሕር ነው። በባሕር ዳርቻ በአራት ማዕዘን ሽቦ የሚደረገው ቈጠራ በዚህም ይደረጋል። ድንጋዩን ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ በጥሞና መመልከት ነው፤ ንጹሕና የሚፈስ ውሃ ከሆነ፣ ጅራታቸው እንደ ክር የተሰነጠቀ፣ በጎናቸው በሚርገበገብ ነገር ከውሃ ውስጥ የሚተነፍሱ የነፍሳት ዕጮች በድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ይገኛሉ፤ ሰልመኔም ይኖራል፤ አልቅትም አይጠፋም። ከከተማው በታች፣ ልብስ ከሚታጠብበትና የቄራው ፍሳሽ ከሚገባበት ወዲያ፣ ያን ድንጋይ ያነሡ እንደሆነ ግን እነዚያ ባለ ክር ጅራቶቹ ጠፍተው፣ ቆሻሻን የሚችሉት ቀያይ ትሎች ብቻ ቀርተው ይታያሉ። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት የውሃን ጤና በዚህ ይመረምራል፤ በሠለጠነው ዓለምም የወንዝ መርማሪዎች የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። (ወደ ቆላና ወደ ወይና ደጋ በወረዱ ጊዜ ግን ቢልሃርዝያ ያለበት ውሃ አለና፣ የጤና ጣቢያውን ሳይጠይቁ ልጆችን እግራቸውን ማስነከር አይገባም።)

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ ይቀልላል፤ ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይበቃዋል። በሐምሌ፣ ጎርፉ በወረደ ማግስት፣ ከወንዙ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይቀዳል፤ በሌላው ደግሞ ከደን ሥር ከሚወጣው ምንጭ ይቀዳል፤ ሁለቱንም በክፍሉ መስኮት ላይ አኑሮ መጠበቅ ብቻ ነው። የወንዙ ውሃ ቀስ በቀስ ይጠራና አፈሩ ከሥር ይዘቅጣል። ያ አፈር ባይቀዳ ኖሮ ወዴት ይደርስ እንደነበረ ደግሞ የሚተረክ ነገር አለው። በሱዳን በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. የተገደበው የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ፣ ከእኛ ተራራ በሚወርደው ደለል ምክንያት የውሃ መያዣውን ግማሽ ያህል አጥቷል። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ይደንቃል፤ የአስዋን ታላቁ ግድብ ከመዘጋቱ በፊት፣ የዓባይ ጎርፍ በየዓመቱ በመስከረም ግድም ወደ ሜዲትራንያን ሲደርስ፣ ከሐበሻ ደጋ ያጠበውን ንጥረ ነገር በባሕሩ ላይ ይዘረግፈው ነበር፤ በእርሱም በዓይን የማይታዩ የባሕር ዕፅዋት ይበዛሉ፤ እነርሱን የሚመገበው ሰርዲን ይሰበሰባል፤ የግብፅ ዓሣ አጥማጆችም መረባቸውን ያወርዱ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ 18,000 ቶን ይደርስ የነበረው የሰርዲን ዓሣ፣ ግድቡ ጎርፉን ከያዘ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። በስሜን ጠረፍ አልባ ገደል ላይ ገብስ የሚዘራ ገበሬ፣ ማሳው በተሸረሸረ ቍጥር፣ ሳያይና ሳይጠየቅ የአሌክሳንድርያን ዓሣ ሲቀልብ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ለዓሣው መልካም ነበር፤ ለገበሬው ግን በየዓመቱ አፈሩን እንደ ግብር መክፈል ነበር፤ ስለዚህ ለስሜን ልጅ የባሕር ትምህርትና የእርከን ትምህርት አንድ ናቸው እላለሁ።

ይህን ለመጀመር ከባዶ መነሣት አያስፈልግም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በደባርቅ ከተማ ነው፤ ፓርኩም በ1969 እ.ኤ.አ. ተከልሎ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ በ1996 ወደ አደጋ መዝገብ ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ የወጣውም በብዙ ድካም ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በየትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበባት እንዲቋቋሙ ሲደግፍ ቆይቷል፤ የአፍሪካ የዱር እንስሳት ፋውንዴሽንም በፓርኩ አጠገብ በአዲስጌ ትምህርት ቤት አሠርቷል። ዋልያንና ጭላዳን ለማሳየት ልጆችን ወደ ገደሉ አፋፍ የሚያወጣ መምህር፣ በመንገዱ ላይ ካለው ጅረት ሩብ ሰዓት ቢቆም ምንም አይጎድልበትም። ያለፉት ዓመታት ጦርነት ግን በዳባትም በደባርቅም ዙሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ሳይለይ አልፏል፤ በአማራ ክልል ብዙ የትምህርት ቤት በሮች እስከ ዛሬ እንደተዘጉ ናቸው፤ ልጁ በሌለበት ስለ ልጁ ትምህርት መጻፍ አንዳንድ ጊዜ ብዕርን ያሳፍራል። ደግነቱ ምንጩ በር የለውም።

ሃይላንዶቹን በመስኮት ላይ አኑረን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ገብተው፣ ሰላምታውም ሳያልቅ፣ ወደዚያ ይሮጣሉ፤ የምንጩ እንደነበረው ነው፤ የወንዙ ከላይ ጠርቶ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን አፈር ተኝቶበታል። አንዱ ብድግ አድርጎ ወደ ብርሃን ያዞረውና የእነ እገሌ ማሳ ነው ይላል፤ የተባለውም ልጅ «የእኛማ ጥቁር ነው፤ ይህ የእናንተ ነው፤ ከአቀበቱ ላይ የታረሰው» ብሎ ይቈጣል፤ ሦስተኛዋ ሃይላንዱን ከሁለቱም ነጥቃ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ ጣቷን እስከ ሥሩ ለመስደድ ትታገላለች።